መብራቱ የሚገዛው ላለመተኮስ ነው

ይሄ ለአዲስ የመሣሪያ ባለቤቶች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ያወራሁት ነው። ቅጂውን እየሰማሁ ነው ወደ ጽሑፍ የመለስኩት። አንዳንድ ቦታ ወሬ ወሬ ከሸተተ ለዚያ ነው፤ ብዙ ላስተካክለውም አልፈለግኩም።

ጤና ይስጥልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ስሙኝ። «ቶሎ እጨርሳለሁ» ብዬ አልዋሻችሁም፤ ነገሩ ትንሽ ያስወራል።

የተጠራሁት ለቤት መጠበቂያ ብላችሁ በያዛችሁት መሣሪያ ላይ ስለሚገጠም መብራትና ሌዘር እንዳወራ ነው። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት «የትኛውን ልግዛ?» ለሚለው መልስ ፍለጋ እንደሆነ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። የመጀመሪያዬን የሽጉጥ መብራት ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ሆኜ ሰነበትኩ። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኮሽታ ሰማሁ። ተነሳሁ። ሽጉጡን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞርኩና መብራቱን አበራሁት። ከፊቴ የቆመው የእህቴ ልጅ ነው። እንግድነት መጥቶ ሳሎን ተኝቶ ነበር። ውሃ ጠምቶት ተነስቶ፣ በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዞ፣ በሌላው ዓይኑን ከብርሃኑ ከልሎ «ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? «መብራት ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም። መብራቱ ግን ያለው የት ነው? አፈሙዙ ሥር። ልጁን ያየሁት የጎረሰ ሽጉጥ ደረቱ ላይ ደግኜ ነው። ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እጄ ግን እስኪነጋ ተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ውሃውን ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፣ እኔ አልተኛሁም።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚያ ሌሊት የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

የመሣሪያ አያያዝ አራቱን ሕጎች ታውቋቸዋላችሁ። ጄፍ ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ የተኩስ አስተማሪ ያስተዋወቃቸው ናቸው። መሣሪያ ሁሉ ሁልጊዜ የጎረሰ ነው ብለህ ያዝ። ልታጠፋው ያልፈለግከው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር። ማነጣጠሪያህ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ጣትህን ከምላጭ አርቅ። ዒላማህንና ከኋላው ያለውን እወቅ። አሁን ልብ በሉ። በጨለማ አራተኛውን ሕግ ለማክበር ብርሃን ያስፈልጋችኋል። ብርሃኑ ያለው ሽጉጡ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለማየት የግድ አፈሙዙን ማዞር አለባችሁ፣ ማለትም ሁለተኛውን ሕግ ትጥሳላችሁ። አራተኛውን ለማክበር ሁለተኛውን መጣስ። እኔ በዚያ ሌሊት ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልሴ ሽጉጥ ላይ የማይገጠም ነገር ነው። የእጅ ባትሪ። (ባትሪ ስል ሙሉ ዕቃውን ነው። ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» እላለሁ፣ እንዳንምታታ።)

እንዲያውም ከእሱም በፊት የሚመጣ አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ። ሰው ገንዘቡን ሽጉጥ ላይ ለሚገጠም መብራት ያፈሳል፣ ኮሪደሩ ላይ ግን አምፖሉ ከተቃጠለ ሁለት ወር ሆኖታል። ውጭ በር ላይ ሰው ሲጠጋ ራሱ የሚበራ መብራት፣ ኮሪደር ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምትበራ ትንሽዬ አምፖል፣ እነዚህ ማንም ላይ ምንም አይደግኑም። የእህቴ ልጅ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ አንዲት ትንሽ አምፖል ኮሪደሩ ላይ ብትኖር ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ወደ እጅ ባትሪው ልመለስ። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ከኋላው፣ ከጭራው ላይ፣ በአውራ ጣት የሚጫን ማብሪያ ያለው ይሁን። ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲለቁት የሚጠፋ። ሲጫኑት መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ ከዚያ ደግሞ ቀይ፣ ከዚያ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ዓይነት፣ ለካምፕ ይሁንላችሁ። ሌሊት ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ሦስት ጊዜ ተጫን፣ ሁለት ጊዜ ልቀቅ የሚል ነገር አያስታውስም። ስልካችሁስ? የስልክ መብራት ደካማ ነው። ከዚያ ይልቅ ግን ስልኩ ራሱ ሌላ ሥራ አለበት፤ ፖሊስ የምትጠሩበት ነው።

የእጅ ባትሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው ላይ በቀጥታ ማብራት የለባችሁም። ወደ ጣሪያው አብሩት። ነጭ ጣሪያ እንደ ትልቅ አምፖል ሆኖ ክፍሉን በሙሉ ያበራዋል። ይሄን ለማመን ካልቻላችሁ አሁን እናየዋለን። የአዳራሹን መብራት አጥፉልኝ እስቲ።

ጥሩ። ትንሽ ዝም ብላችሁ ቆዩ። አሁን ምንም አይታያችሁም፣ ጥቂት ስትቆዩ ግን የወንበሩ ጠርዝ ይታያችኋል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው እናንተ አሁን ከምታዩት በጣም የተሻለ ያያል። አሁን ይቺን ባትሪ ጣሪያው ላይ አበራኋት። የሁላችሁም ፊት ይታየኛል፤ ከኋላ ስልኩን የሚነካካውም ጭምር። ማንም ላይ አልደገንኩም። አሁን ደግሞ ይሄ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከሁለት ክንድ ርቀት። ያጉረመረማችሁትን ሰማሁ። እኔም ራሴ አሁን ከግድግዳው ሌላ የሚታየኝ ነገር የለም። አጠፋኋት። አሁን? ሁላችንም ዳፍንት እንዳለበት ሰው ሆነናል። ያ የለመድነው ጨለማ በአንድ ሰከንድ ሄደ፣ እንደገና ለመልመድ ደግሞ ከዜሮ መጀመር ነው። በርታ ያለ ብርሃን የሚያሳውረው ሌባውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናንተንም ነው። መብራት አብሩልኝ፣ አመሰግናለሁ።

አሁን ሳጥኑ ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር እናውራ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሉመን የሚባለው ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን በአጠቃላይ ነው። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ ነው። የውሃ ጎማ አስቡ። ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ ሉመን ነው። የጎማውን አፍ በአውራ ጣታችሁ ስትይዙት ውሃው ያው ሆኖ ሩቅ ይፈናጠራል፣ እሱ ካንዴላ ነው። ሻጭ የሚጮኸው በሉመኑ ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሚመስል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በጣም የታወቁ ሁለት የሽጉጥ መብራቶች አሉ፤ የሹርፋየር ኤክስ 300 አልትራ እና የስትሪምላይት ቲኤልአር 1 ኤችኤል። ሁለቱም 1,000 ሉመን ተብለው የተሸጡ ናቸው። የመጀመሪያው 11,300 ካንዴላ አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው 20,000። ውሃው እኩል ነው፣ የጎማው አፍ ግን ይለያያል። አንደኛው ሰፋ አድርጎ ጎንና ጎኑን ያሳያል፣ ሌላኛው መሃሉን ጠበቅ አድርጎ ሩቅ ይወረውራል። የትኛው ይሻላል? ቤታችሁን አይታችሁ ወስኑ። ጠባብ ክፍልና ነጭ ግድግዳ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ሰፊውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ረጅም ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ካንዴላ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ያለ የመኪና መብራት ወይም የመስታወት ነጸብራቅ እያንጸባረቀበት ከጀርባው ያለውን ማየት የፈለገም እንዲሁ።

ሳጥኑ ላይ «283 ሜትር ያበራል» የሚል ነገር ደግሞ ታያላችሁ። ይሄ ኤፍኤል 1 ከሚባለው የእጅ ባትሪ መለኪያ የመጣ ነው። በዚያ መለኪያ የርቀቱ ቁጥር ማለት ብርሃኑ ወርዶ 0.25 ሉክስ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ይሄም ሙሉ ጨረቃ ባለበት ሌሊት ሜዳ ላይ የምታገኙትን ብርሃን ያህል ነው። በጨረቃ ብርሃን 283 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ማን እንደሆነ ትለያላችሁ? እንኳን ማን መሆኑን፣ ቁጥቋጦ ይሁን ሰው አትለዩም። ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ የካንዴላውን ቁጥር ካሬ ሥር ወስዳችሁ በ2 ማባዛት ነው። 20,000 ካንዴላ 283 ሜትር አካባቢ ይሰጣችኋል። ስለዚህ የሜትሩ ቁጥር ካንዴላውን በሌላ ልብስ የሚነግራችሁ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም።

«ሁለት ሰዓት ይሠራል» የሚለውም እንዲሁ ነው። በዚሁ መለኪያ የሥራ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ መጀመሪያ ከነበረው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ብዙ መብራቶች ደግሞ ሙቀቱን ስለማይችሉት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አይግረማችሁ፣ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

ለቤት ውስጥ እኔ የምለው ከ500 እስከ 1,000 ሉመን ነው፣ ከ5,000 እስከ 20,000 ካንዴላ። ከዚያ በላይ የገዛ ሰው አልተሳሳተም፣ ግን ነጩን ግድግዳ አይርሳው።

እሺ፣ አሁን ሽጉጥ ላይ ወደሚገጠመው። «ይሄን ሁሉ ካልክ በኋላ ለምን ትገጥማለህ?» ትሉኛላችሁ። እኔ አሁንም ገጥሜያለሁ። ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለን። አንድ እጃችሁ በር ሊከፍት፣ ልጅ ሊይዝ፣ ስልክ ሊደውል ይችላል። የእጅ ባትሪና ሽጉጥ አንድ ላይ ይዞ መተኮስ ይቻላል፣ ሃሪስ የሚባለው አያያዝም፣ ባትሪውን አንገት ሥር አድርጎ መያዙም አለ፣ ግን ሁሉም በሁለት እጅ ጨብጦ እንደመተኮስ አይሆንም። ስለዚህ በእጅ ባትሪ ትፈልጋላችሁ፣ ሽጉጡ ላይ ያለው የሚበራው ነገሩ የምር ከሆነ ብቻ ነው። ጠላት መሆኑን አውቄያለሁ፣ ሌላ መውጫ የለኝም የምትሉበት ቦታ። ሽጉጡ ላይ ያለውን መብራት ዕቃ የወደቀበትን ቦታ ለማየት የሚያበራ ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው ሽጉጥ ሳይሆን በጣም አደገኛ የሆነ ባትሪ ነው የያዘው። ደግሞ መሣሪያ መደገን በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መብራቱ አይታያቸውም፣ የሚታያቸው መሣሪያው ነው።

ካበራችሁም ደረት ላይ አታብሩ። አፈሙዙን ወደ ወለሉ፣ ከሰውየው እግር ፊት ለፊት ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከመብራቱ ጎን የሚፈሰው ብርሃን ፊቱንና እጁን ለማየት ይበቃል። እኔ ያንን ባውቅ ኖሮ የልጁን ፊት የማየው አፈሙዙ ወለሉ ላይ ሆኖ ነበር።

የማብሪያው ነገር። ይሄን ጉዳይ ልዝለለው አልችልም። የሽጉጥ መብራት ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ ምላጩን ከሚከበው ቀለበት ፊት ለፊት ነው። በግራ እጅ አውራ ጣት፣ ወይም በጨበጠው እጅ አመልካች ጣት ይነካል። ጣቱ ቀለበቱ ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ቀጥ ብሎ ነው ያለው። ከዚህ ሌላ እጀታው ላይ፣ ከቀለበቱ ሥር የሚሄድ፣ እጅ ጠበቅ ሲያደርግ የሚበራ ዓይነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፖሊስ በዚህ ዓይነቱ ማብሪያ መብራቱን አበራለሁ ብሎ ምላጩን ስቦ ሰው ገድሏል። በጭንቀት ጊዜ አንድ ጣት ሲጨመቅ ሌሎቹም አብረው ይጨመቃሉ። አሁን ጠርሙስ ጨብጣችሁ ሞክሩት፤ ትንሿን ጣት ብቻ ጠበቅ አድርጉ፣ አመልካች ጣታችሁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ መብራቱ በሌላኛው እጅ፣ በአውራ ጣት እንዲበራ ልመዱ። የመተኮሻው እጅ አንድ ሥራ ብቻ ይኑረው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ጥይት ግን ፈሶ የሚለቀም ነገር አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሰው ሁሉ የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሽጉጡ ላይ መግጠሚያ ሐዲድ አለው ወይ? ትናንሽ ሽጉጦች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ወይም የራሳቸው የሆነ ለየት ያለ መግጠሚያ ነው ያላቸው። ሌላው አፎቱ ነው። መብራት የተገጠመለት ሽጉጥ የድሮው አፎት ውስጥ አይገባም፤ ለዚያ ሽጉጥና ለዚያ መብራት የተሠራ አፎት ያስፈልጋል። የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው፤ አልጋ አጠገብ ያለችው ትንሿ መቆለፊያ ሣጥን። እኔ መብራቱን ገጥሜ በደስታ ላስገባው ስል ክዳኑ በሁለት ጣት ያህል አልዘጋም አለኝ። ሦስት ቀን ሣጥኑ ሳይቆለፍ ቆየ። ቤት ውስጥ ልጅ አለመኖሩ በጀኝ እንጂ ይሄ ከጨለማው በላይ የሚያስፈራ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሣጥኑን ለኩ። ካልገባ ሣጥኑን ቀይሩ። ሣጥኑን ክፍት አድርጎ መተው አማራጭ አይደለም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ወደ ተኩስ ሜዳ ሂዱና ከመብራቱ ጋር ተኩሱ። አንዳንድ ሽጉጥ መብራት ሲገጠምለት ጠባዩ ይለወጣል። ጥይት አልጎርስም፣ ቀለህ አልተፋም ይላል። ይሄን ሜዳ ላይ ማወቅ ነው የሚሻለው። ስትጨርሱ መብራቱን ተመልከቱት። መስታወቱ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፣ ልክ እንደ ኩራዝ ብርጭቆ። የአፈሙዝ ጭስ ነው። እኔ የማጸዳው በእርሳስ ላጲስ ነው። ሽጉጡን አራግፋችሁ፣ መብራቱን ነቅላችሁ፣ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጉት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ጥቁሩ እየተጠቀለለ ይወጣል። በቢላ የሚፍቅም አይቻለሁ፣ ተዉት።

ድንጋይ። ብዙዎቹ ሲአር 123 የሚባለውን ሊቲየም ድንጋይ ይጠቀማሉ፣ 3 ቮልት ነው። ጥሩ ጎኑ መደርደሪያ ላይ እስከ 10 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ሁለት የሚያስገባ መብራት ከሆነ አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ፋብሪካ ድንጋይ ቀላቅላችሁ ብታስገቡ ጠንካራው ደካማውን ይጫነዋል፣ ይግላል፣ እስከ መፈንዳትም ይደርሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ አስገቡ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አውጡ። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ደግሞ ቮልቱ ከፍ ስለሚል መብራቱ ይቀበለው እንደሆነ መመሪያውን እዩ። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ፤ የወጣውን አልጥለውም፣ ለእጅ ባትሪው ለልምምድ ይሆናል። መሳቢያ ውስጥ ዓመት የተረሳ አልካላይን ድንጋይ ግን አፍስሶ የመብራቱን ሆድ ይበላዋል፣ አንድ ጥሩ ባትሪ እንዲያ ሞቶብኛል።

ለረጅም መሣሪያ፣ ለጠመንጃም ለሾትገንም፣ ብዙ አልልም። የበርሜሉ ጥላ አለ፤ መብራቱ በቀኝ ከሆነ በግራ በኩል ጥቁር ክፍል ይቀራል፣ ስለዚህ ወደ ፊት፣ ወደ አፈሙዙ ጠጋ አድርጉት። ማብሪያው ደግሞ እጃችሁ በተፈጥሮ የሚያርፍበት ቦታ ይሁን። በቃ።

አሁን ሌዘር። ሰው ሁሉ የሚወደው እሱ ነው፣ ነጥቡ ያምራላ።

ሌዘር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ጥይቱ በግምት የት እንደሚያርፍ። እዚያ የቆመው ማን እንደሆነ አይነግራችሁም። በድቅድቅ ጨለማ ቀይ ነጥብ ጥቁር ቅርጽ ላይ ይታያችኋል። ቅርጹ ሌባ ነው? የእህት ልጅ ነው? ነጥቡ አያውቅም። ስለዚህ መብራት ሳይኖር ሌዘር ብቻ መግጠም ለእኔ ስህተት ነው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ ያቺን ነጥብ ሲከተል ዒላማውን የረሳ ሰው ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግሩ ከዚሁ ይመጣል። ሌዘር የለመደ ሰው ሽጉጡን ከመደገን ይልቅ ነጥቡን መፈለግ ይጀምራል። «የት አለች? የት ሄደች?» ብሎ ግድግዳውን በዓይኑ ያስሳል። በቀን ብርሃን ነጥቡ ብዙም አይታይም፣ ጥቁር ልብስ ላይም ይደበዝዛል። ድንጋዩ የሞተ ቀን ደግሞ ምንም የለውም። መጀመሪያ በብረቱ ማነጣጠሪያ መተኮስ ልመዱ፤ ሌዘሩ ከዚያ በላይ የሚመጣ ነገር ነው።

ቀይ ወይስ አረንጓዴ? የሰው ዓይን አረንጓዴን ይወዳል። ሁለት ሌዘሮች ጉልበታቸው እኩል ሆኖ አንዱ በ532 ናኖሜትር (የብርሃኑን ቀለም የሚለየው የሞገድ ርዝመት ነው) አረንጓዴ፣ ሌላው በ650 ቀይ ቢሆኑ፣ አረንጓዴው ለዓይናችን ስምንት እጥፍ ያህል ደምቆ ይታያል። ቀዩ 635 ከሆነ ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይወርዳል። ስለዚህ በቀንም ሆነ ብርሃን ባለበት ክፍል አረንጓዴው ያሸንፋል። ግን የድሮው ዓይነት አረንጓዴ አሠራሩ ጠማማ ነው፤ መጀመሪያ የማይታይ ጨረር ያመነጫል፣ ያንን በክሪስታል አሳልፎ ነው ወደ አረንጓዴ የሚለውጠው፣ ስለዚህ ድንጋይ ይበላል፣ ብርድም አይወድም። 520 አካባቢ የሚሠሩት አዲሶቹ ግን በቀጥታ አረንጓዴ ስለሚያወጡ ከዚህ ጣጣ የዳኑ ናቸው። በጨለማ ለቤት ውስጥ ርቀት ቀዩም ይበቃል፣ ድንጋዩም ይቆያል። እኔ ቀይ ነው ያለኝ። ለመቀየር ምክንያት አላገኘሁም።

የማይታየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ማታ ማታ የጨለማ ማያ መነጽር አድርገህ ነው የምትተኛው? ካልሆነ ተወው።

ሌዘር ስትገጥሙ ማስተካከል አለባችሁ፤ ከሣጥኑ ወጥቶ ልክ አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሌዘሩ ከበርሜሉ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገጥሟል እንበል። በ10 ሜትር ላይ ነጥቡና ጥይቱ አንድ ቦታ እንዲገናኙ አስተካከላችሁት። በ5 ሜትር ላይ ነጥቡ ከጥይቱ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በ20 ሜትር ደግሞ ይሻገራሉ፣ ነጥቡ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለቤት ውስጥ ይሄ ልዩነት ምንም አይደለም። ግን «ነጥቡ ካለበት ጥይቱ አለ» የሚለው እምነት እውነት የሚሆነው አንድ ርቀት ላይ ብቻ እንደሆነ እወቁ። ሽጉጡ ወድቆ ከሆነ፣ ወይም ሌዘሩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ከሆነ፣ እንደገና አረጋግጡ።

ታዲያ ሌዘር አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው፣ ቅርብ ያለውን ብረት ማነጣጠሪያ አጥርቶ ማየት ላቃተው፣ ሩቅ ያለችው ነጥብ ግን ቁልጭ ብላ ትታየዋለች። ወድቆ፣ ተንበርክኮ፣ እጁን ቀጥ አድርጎ ዓይኑ ፊት ማምጣት ላልቻለም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ የምወደው ለልምምድ ነው። ሽጉጡን አራግፉ፣ ካዝናውን አውጡ፣ መጉረሻውን በዓይንም በጣትም ፈትሹ፣ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ከዚያ ጥይት ሊያልፈው የማይችል ግድግዳ ላይ ነጥቡን አሳርፋችሁ ምላጩን በቀስታ ሳቡ። ነጥቡ ሲዘል ታያላችሁ። ወደ ታችና ወደ ግራ የምትዘል ከሆነ፣ ቀኝ እጃችሁ ምላጩን እየጎተተ ሳይሆን ሽጉጡን እየጨመቀ ነው። ዓመት ሙሉ አስተማሪ የነገረኝን ነገር ነጥቧ በአሥር ደቂቃ አሳየችኝ። ሐሜተኛ ናት፣ ምንም አትደብቅም።

ዓይንን ግን ተጠንቀቁ። የሽጉጥ ሌዘሮች አብዛኞቹ ከ5 ሚሊዋት በታች ናቸው፣ ያም ቢሆን በቀጥታ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። መስታወት፣ የቴሌቪዥን ስክሪን፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ሁሉም መልሰው ወደ እናንተ ይወረውሩታል። እንኳን ሌዘሩ፣ መብራቱም መስታወት ላይ ሲያርፍ ራሳችሁን ነው የሚያሳውራችሁ። አገራችሁ ስለ ሌዘር ያወጣው ሕግ ካለም አንብቡት፤ አንዳንድ ቦታ የሽጉጥ መብራት ይፈቀድና ሌዘር አይፈቀድም።

ከታች አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ ብልጭ ድርግም ስለሚለው መብራት ጠይቆኝ ነበር። ሌባውን ያደነዝዘዋል ይባላል። እውነት ነው፣ ደስ አይልም። ግን ከመብራቱ ጀርባ ያለውንም ሰው ያደነዝዘዋል፣ በነጭ ግድግዳ መሃል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የያዘው ብርጭቆ ይሁን ቢላ ለመለየት ስትሞክሩ ምስሉ እየተቆራረጠ ይመጣላችኋል። የእኔን አጥፍቼዋለሁ።

አንዲት እናት ደግሞ «ድምፅ ስሰማ ቤቱን እየዞርኩ ልፈትሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ፣ ካልቸገረሽ አትዙሪ። ቤት መፈተሽ ለሠለጠኑ ብዙ ሰዎችም ከባድ ነው፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ቁማር ነው። ልጆችሽን አንድ ክፍል ሰብስቢ፣ በሩን ቆልፊ፣ ደውይ፣ ባትሪሽን በሩ ላይ አብሪ። መዞር ግድ ከሆነ፣ ልጅ ሌላ ክፍል ካለ፣ መጀመሪያ ጮክ ብለሽ ጥሪ። «ማነው?» የሚለው ቃል ድንጋይ አይፈልግም፣ አይገጠምም፣ ከሉመን ሁሉ ፈጥኖ ይደርሳል። እኔ በዚያ ሌሊት አልጠየቅኩም። አፌን ዘግቼ መብራት አበራሁ።

የእጅ ባትሪዬ አሁን የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው፤ ሳልነካው በሩን መክፈት አልችልም። የእህቴ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። አሁንም ሲመጣ ሳሎን ነው የሚተኛው። ሌሊት ውሃ ሲጠማው ግን ገና ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ፣ ቤቱን በሙሉ በሚቀሰቅስ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ይጮሃል።